ባዶ ቃሬዛ

ሰው በገዛ ካሜራው ይታሰራል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ዙሌይካ ታስራለች። እሷም ብትሆን ማሰሪያው እስኪጠብቅ ድረስ አልታወቃትም።

ስድስት ዓመት ጅዳ የሰው ቤት ስታጥብና ስትወለውል ኖራ ወደ ሐይቅ ከተማ የተመለሰች ጊዜ፣ ሌላው ከዐረብ አገር ወርቅ አንጠልጥሎ ሲመጣ እሷ ትከሻ ላይ የሚቀመጥ ትልቅ የቪዲዮ ካሜራ፣ አንድ የካሴት ማጫወቻ ዴክና አንድ ቴሌቪዥን ይዛ ዱብ አለች። «አጃኢብ! ልጅቱ አእምሮዋን እዚያው ጥላ ነው የመጣችው» ተባለ። ምን ገዷት! የአሠሪዎቿ ልጆች ፊልም ሲያዩ ከጀርባቸው ቆማ እያየች፣ «የኛ አገር ሰውስ በዚህ መስኮት ቢታይ ምን ይለዋል?» ስትል ነው ስድስቱን ዓመት የገፋችው።

እሷን ባይገዳት ቀበሌውን ገደደው። ሊቀመንበሩ አምሳሉ ካሜራውን እንደሚገዛ በሬ ዙሪያውን አየና «የግል ካሜራ የፀጥታ ጉዳይ ነው፤ ኪነት ቤታችን ይቀመጥ» አለ። በምትኩ ክፍል ሰጣት፤ ለጄኔሬተሩም ቤንዚን፣ «ትቅረጽ» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀትም ሰጣት። «በራስሽ ሐሳብ ሥሪ፤ ፊልም መሥራት የሚፈልገውንም ወጣት ሁሉ አስተምሪ፤ ቀበሌው ከጎንሽ ነው» አላት። ያን ቀን ዙሌይካ አላህን አመሰገነች። ማንም የማይሰጠውን ሰጥቷታላ!

ኪነት ቤቱ ከመንገዱ በታች ወደ ውሃው ቁልቁል የሚያይ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ከበሮና ማሲንቆ የሚሰቀለው፣ የኪነት ቡድኑ የሚለማመደው፣ ስብሰባ የሚጠራውም እዚያው ነው። መስኮቶቹ ሰው ከስብሰባ እንዳይሾልክ በብረት ፍርግርግ ታጥረዋል፤ በሩም አንድ ነው። የዙሌይካ ክፍል ከመድረኩ ጀርባ ሲሆን፣ ግማሹን የያዘው የቂሬው ዕቃ ነበር። ቂሬ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። ወሎ ውስጥ ግን ከዕድር የጠበቀ ነው፤ እስላምና ክርስቲያን ባንድ ይቀብራል፣ ባንድ ያለቅሳል፣ ጥሪ ሰምቶ የቀረ ሰው ዓይኑ አይታይም። እና የዙሌይካ ካሴቶች ከቂሬው ድስት፣ ድንኳንና ቃሬዛ ጋር ተጎራብተው ተቀመጡ።

ለመማር ብዙ መጥተው ጸንቶ የቀረው ሙላት ነው፤ የጎረቤቷ የእናትነሽ ልጅ፣ ሃያ ዓመቱ፣ ሳቂታ። ካሜራውን ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ነበር የሚይዘው። ሁለቱ ተቀምጠው አንድ ታሪክ አወጡ። ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ሚስት ሊያገባ አማቲቱ «መጀመሪያ ታንኳ ቀዝፈህ የሰፈሩን ጎረምሳ ሁሉ ቅደም» ይሉታል። አስቂኝ ነው። ዓሣ አጥማጁ ሙላት፣ አማቲቱ ደግሞ ቀሚስ የለበሰ ሌላ ጎረምሳ! ችግሩ የሚቀዝፈው ጎረምሳ ከየት ይምጣ?

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ነው። ብሔራዊ ውትድርና እየተባለ ወጣት ከገበያም ከኳስ ሜዳም ይታፈሳል። ልጅ ያላት እናት ልጇን ቆጥ ላይ ሰቅላ «ደሴ ሄዷል» ትላለች። የዙሌይካም ወንድም አብደላ ከውጫሌ በላይ፣ ከአምባሰል ገደል ሥር አክስታቸው ዘንድ ተደብቋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እናታቸው ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበርና ያሳደገችው እሷ ናት። ጅዳም የወረደችው ለሱ ነው።

አምሳሉ ይህን ችግሯን ሲሰማ ሳቀና «ፊልም የሚሠራ ወጣት አይነካም፤ ቃሌ ነው» አለ። ቃሉ ባንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሠላሳ ጎረምሳ ከየቆጡ ወርዶ ውሃው ዳር ሲንቦጫረቅ፣ ታንኳ ሲገለብጥ፣ ሲሳሳቅ ዋለ። አብዮት ጥበቃው ባጠገባቸው ሲያልፍ ሰላም ብሎ ነበር የሚያልፈው። «ለካ አምሳሉን ስናማው ኖረናል» አለች ዙሌይካ። አይ ሞኝነት! ቆይታ ስታስበው እጇን የምትነክሰው በዚህች ነገር ነው።

ፊልሙ የሚታየው እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ጠዋት ክፍሏ ገብታ ዴኩን ስትወለውል አምሳሉ ገባና በሩን መለስ አደረገው።

«ማሳየቱ ስንት ይፈጃል?» አላት።

«አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ግሩም ነው። ከደሴ ሁለት የወታደር ኦራል መኪና በአሥር ሰዓት ይደርሳል።»

«ለምን?»

አምሳሉ ድስቶቹ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ ለስላሳ ነው። «የዚህ ዙር ኮታችን ሠላሳ ነው። እኔ በጥበቃ ሁለት ወር ባስስ አሥር አላገኘሁም። አንቺ በሦስት ሳምንት ሠላሳውንም ሰብስበሽልኛል። ዛሬ ደግሞ ራሳቸውን ለማየት በእግራቸው ይመጣሉ።»

ዙሌይካ መወልወያውን አስቀምጣ ተነሣች።

«አትደንግጪ» አለና ከኪሱ ወረቀት አወጣ። «አብደላ ከውጫሌ በላይ አክስትሽ ቤት ነው። በሩ በየት በኩል እንደሆነ ጭምር አውቃለሁ። ይኸው ስሙ፤ ይኸው ሰረዝሁት። አሥር ሰዓት እስኪሆን ሕዝቡን እያሳቅሽ ካቆየሽልኝ የሚነካው የለም። ፊልሙ ቢቋረጥ ወይ አንድ ጎረምሳ ሹልክ ቢል ግን መልሼ እጽፈዋለሁ። ሌላ ምንም አልልሽም።»

ወጣ። በሩ ላይ ሐሰን የሚባለውን አብዮት ጥበቃ አቆመ፤ የገዛ ሰፈሯን ልጅ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ የሚቆም ምስኪን።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰዓት እንዴት እንደገፋችው አላህ ነው የሚያውቀው። ጄኔሬተሩን ብሰብረውስ? በሩ ያው ተዘግቶ ይጠብቃቸዋል። በመስኮት ብጮህስ? ቀድሞ የሚደርሰው የአምሳሉ ሰው ነው። ብታመምስ? ሙላት ዴኩን ማንቀሳቀስ ያውቃል። በዞረችበት ሁሉ ብረት ነው። ቀትር ላይ ሙላት ራሱ እየዘለለ መጣ፤ እናቱ ሸሚዝ ተኩሳለት፣ ጸጉሩን ተበጥሮ። «እትዬ ዙሌይካ፣ ሰው ከአሁኑ ተሰልፏል! ምነው ፊትሽ?» አላት። ሐሰን አጠገባቸው ቆሟል። «ራሴን አሞኝ ነው» አለችው። «አብሽሪ! ሰው ሲስቅ ስትሰሚ ይሻልሻል» ብሎ ወንበር ሊደረድር ሄደ።

ሐቁ ይነገርና፣ ዝም ልትል ነው የወሰነችው። ማን ይፈርድባታል? ሠላሳው ሠላሳ እናት አላቸው፤ አብደላ ያለ እሷ ማን አለው? «እኔ አልጻፍኳቸው፣ እኔ አልወስዳቸው» አለች ለራሷ። ደግማ ደጋግማ አለችው። አልዋጥ ያለ ጉርሻ ግን ውሃ ቢጠጡበትም አይወርድም።

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ጎረምሳው መሐል ወለሉ ላይ፣ ሴቶቹ በግድግዳው ዙሪያ፣ ሽማግሌው ፊት ለፊት። ከሁሉ ፊት የቂሬው ዳኛ አያ ኑርዬ ዘንጋቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። በፊልሙ ውስጥ ውሃው ዳር ሲያልፉ ተቀርጸው ነበርና ራሳቸውን ሊያዩ ነው። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋረደ፤ በሩ ተዘጋ። አምሳሉ ሐሰንን ይዞ ከበሩ አጠገብ ቆመ። ዙሌይካ ከመድረኩ ጎን ዴኩ ጋ ተቀመጠች፤ ማይክራፎኑም ለመግቢያው ንግግር ብሎ ሙላት ያስቀመጠላት እዚያው ነበር።

ፊልሙ ሲጀመር ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ያውና! ያውና ፈንታሁን!» «ኧረ ቀሚሱ ያምርበታል!» አያ ኑርዬ ራሳቸውን ሲያዩ «እኔ ይህን ያህል ጎብጫለሁ እንዴ?» ብለው ሰዉን ጨረሱት። ስድስት ዓመት የተመኘችው ይኸው ሆነላት፤ የአገሯ ሰው በመስኮቱ ታየ። ማየት ያቃታት ግን እሷ ራሷ ነበረች። እያንዳንዱ ሳቅ ሲመጣ ሰዓቱን ታያለች።

ግማሽ ያህል እንደሄደ ሙላት ታንኳው ላይ ቆሞ ሲዘፍን የሚታይበት ቦታ ደረሰ። ይሄኔ እናትነሽ ከግድግዳው ሥር ብድግ ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። በዚያ ጨለማ ሰው እየረገጠች መጥታ የዙሌይካን አንገት አቀፈች። «ዕድሜሽ ይርዘም! አንቺ ጋ እስኪመጣ አምስት ወር ቆጥ ላይ እንደ ዶሮ ሰቅዬው ልጄ ሳቅ ረስቶ ነበር። ሰው አደረግሽልኝ። ያኑርልሽ፣ አብደላንም ያኑርልሽ!» አለቻት። የእናትነሽ እንባ ጉንጯ ላይ ሞቀ።

አበቃ። ከዚህ በላይ ዝም የሚል ጉሮሮ ዙሌይካ አልነበራትም። ግን ምን ብላ ትጩህ? «ሽሹ» ብትል በሩ ተዘግቷል፤ ጠመንጃም አለ። ዓይኗ በተከፈተው የክፍሏ በር አለፈና ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው የቂሬው ቃሬዛ ላይ ዐረፈ። በዚህ አገር ሊቀመንበርም ዘበኛም የማይዘጋው በር አንድ ብቻ ነው።

ዴኩን ዘጋችው። ማይክራፎኑን አነሳች።

«የቂሬ ሰዎች አውፍ በሉኝ» አለች። «ደስታችሁን ላደፈርስ ነው። ወንድሜ አብደላ ሞቷል። ትናንት ከአምባሰል ገደል ወድቆ። መርዶው ጠዋት ደርሶኝ ዋጥ አድርጌው ነበር፤ አልቻልኩም። ከአባቱ ጎን እንዲያርፍ አምጡልኝ።»

እሪ አለች። እሪታው የውሸት አልነበረም፤ የምትለውን ታውቃለችና። ስሙን ሰርዞ የነበረውን እስክሪብቶ ለአምሳሉ መልሳ ያስያዘችው እሷ ናት።

ቤቱ ተናወጠ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጮህ ጀመሩ። አያ ኑርዬ ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «ኢንና ሊላሂ» አሉ። «ወጣት ሁሉ ይነሣ! ከገደሉ ሥር መኪና አይገባም፤ ተቀባብላችሁ ነው የምታመጡት። ቃሬዛው ይውጣ!»

«ማንም አይወጣም!» አለ አምሳሉ ከበሩ። «ፊልሙ ይጨረስ፤ ከዚያ በመኪና እንልካለን።»

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። እንዲህ ያለ ቃል ከሰው አፍ ሲወጣ ሰምተው አያውቁማ። አያ ኑርዬ ቀስ ብለው ወደሱ ሄዱ። «አምሳሉ፣ አባትህ ወረባቦ ገበያ ላይ የሞተ ጊዜ እዚህ ድረስ የተሸከመው ማን ነው?» አሉት።

አያ ኑርዬ ትከሻቸውን በመዳፋቸው መቱ።

«እኔ ነኝ። በዚህች ትከሻዬ። ያኔ ፊልም ይጨረስ አልተባለም ነበር። ክፈት!»

አምሳሉ ሐሰንን አየው። ሐሰን ጠመንጃውን ከደረቱ አውርዶ ትከሻው ላይ አንጠለጠለ። «እኔም ቂሬ አለኝ፣ ጓድ» አለና የበሩን መወርወሪያ ሳበው። አምሳሉ ነገሩ ውሸት እንደሆነ ጠርጥሯል፤ ግን ሰው ፊት «ትዋሻለች» ብሎ በሞት ላይ አፉን ቢከፍት፣ እውነት ቢሆንስ? ሰው ሁሉ እያየው ለዚያች ቅጽበት ያህል እሱም ታሰረ።

ሙላት እያለቀሰ መጥቶ ተጠመጠመባት፤ ከአብደላ ጋር ባንድ መደብ ተኝተው ያደጉ ናቸው። ጆሮው ሥር «ውሸት ነው። ኦራል እየመጣላችሁ ነው። ሂዱ፣ አትመለሱ» አለችው። ልጁ ደረቀ። ቀና ሲል ፊቱ የሽማግሌ ፊት ሆኖ ነበር። ከዚያ ቃሬዛውን ከፊት ያዘና ወጣ፤ ሠላሳው ጎረምሳ ተከተለው። በሰሜኑ መንገድ፣ እያለቀሱ፣ በአብዮት ጥበቃው መካከል ሰንጥቀው ሄዱ። ጥበቃዎቹም ኮፍያቸውን አወለቁላቸው።

አምሳሉ ሴቶቹ እስኪራቁ ጠብቆ ጎንበስ አለባት። «ወንድምሽን ገደልሽው» አላት በዚያው ለስላሳ ድምፁ።

«አውቃለሁ» አለች ዙሌይካ።

ኦራሎቹ በአሥር ሰዓት ደርሰው ያገኙት ወንበርና የተገፈፈ ብርድ ልብስ ነው። ልጆቹ ከከተማው እንደወጡ መንገዱን ትተው በየተራራው ተበትነዋል፤ ባዶው ቃሬዛ በሦስተኛው ቀን ከመንገድ ዳር ተገኘ። አንዱ መኪና አምሳሉን ጭኖ ወደ ውጫሌ ወጣ። አብደላ አክስቱ ደጅ ላይ በቆሎ ሲፈለፍል ነው የያዙት። በሠላሳ ፋንታ አንድ። ሰኞ ጠዋት አክስቷ እየወደቀች እየተነሣች መጥታ ነገረቻት፤ «እህቴ ደህና ናት? ብሎ ብቻ ጠየቃቸው» አለቻት።

አምሳሉ ግን በዚህ አልጠገበም። ስለ ኦራሉ አንስቶ ሊከሳት አይችልም፤ የሠላሳ እናት ልጅ ሊያስይዝ እንደነበር በአፉ መናገር ይሆንበታላ። ስለዚህ የቂሬውን ሕግ ያዘ። በሳምንቱ እሑድ ቂሬው በሚሰበሰብበት ዋርካ ሥር ቆመና «እኔ የቂሬ ሰው ነኝ፤ ሰው ሳይሞት ቂሬ ተጠርቷል፤ በሕጋችን ይፈረድ» አለ። ተንኮሉን እዩልኝ! ያመለጠችበትን በር ራሱን መልሶ ዘጋባት።

«ዙሌይካ፣ ምን ትያለሽ?» አሉ አያ ኑርዬ፤ ዓይኗን አላዩም።

ለምን እንደዋሸች ዋርካው ሥር ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። አንድ ቃል ቢወጣ የሸሹት ልጆች ዱካ ይፈለጋል። «ዋሽቻለሁ» አለች።

አያ ኑርዬ ጢማቸውን ደባበሱ። «አባቶቻችን በሞት የዋሸውን ከቂሬ አውጡ ብለውናል» አሉ። «እሳት አይጫርላት። ለደስታም ለሐዘንም ደጇ አይረገጥ። ለአብደላም ቂሬ ወጥቷል፤ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይወጣም።» ይህን ብለው ዘንጋቸውን ረስተው ተነሥተው ሄዱ።

ኪነት ቤቱ ተቆለፈ፤ ካሜራውም ካሴቱም እዚያው ተቆለፈበት። የፊልሙን መጨረሻ ያየ ሰው የለም። ዙሌይካ ዓመት ሙሉ በገዛ ከተማዋ እንደ እስረኛ ኖረች። ወፍጮ ቤት ስትገባ ወሬ ይቋረጣል፤ ውሃ ስትቀዳ እንስራዋን የሚያሸክማት የለም። እናትነሽ በመንገድ ስታገኛት ቆም ትላለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ዙሌይካ አልተቀየመቻትም። አምሳሉ በየጥጉ ዓይን አለው፤ ሙላትም ገና የሚታደን ልጅ ነው። ግን ዝምታው ከበዳት። እውነቱን ለመናገር፣ ሌሊቱን ሳይሆን ቀኑን ነበር የምትፈራው፤ ቀን ሰው ይታያል።

በዓመቱ ግንቦት ላይ ከሰሜን የመጣ አንድ እግሩ የቀረ ወታደር ከአውቶቡስ ወረደ። የአብደላ እህት ቤት የት ነው ብሎ የጠየቃት የመጀመሪያዋ ሰው እናትነሽ ናት። በጣቷ አመልክታው እዚያው መንገድ ላይ ደርቃ ቀረች። ወታደሩ ለዙሌይካ ብዙ አልተናገረም። አብረው ነበሩ፤ በየካቲት ነው፤ አልተሠቃየም፤ ቀብሮታል። ውሃ ጠጥቶ፣ ክራንቹን ይዞ ሄደ።

ዙሌይካ በሩን ዘጋችው። እሪ ልትል አፏን ከፈተችና ድምፁን መልሳ ዋጠችው። ማን ያምናታል? አንዴ የጮኸችለት ሞት ነው! ቢያምኗትስ ማን ይመጣል? መሬት ላይ ተቀምጣ እጇን በአፏ ውስጥ ከተተች። «በአፌ ነው የገደልኩህ» አለችው። «በአፌ።»

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ከአጥሩ ውጭ ኮቴ ሰማች። ቀጥሎ ሌላ ኮቴ። ሴት አፍንጫዋን ስታብስ ተሰማ። በአጥሩ ሽንቁር ብታይ፣ መንገዱ ዳር እናትነሽ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ ፈዲላ፣ ከፈዲላ ጎን ራህማ፣ ከዚያ የፈንታሁን እናት አሰገደች፤ አንድ በአንድ እየመጡ ይቀመጣሉ። ሠላሳውም እናቶች ሳይሆኑ አልቀሩም። አንዷም ከአጥሩ ወዲህ አልገባችም። አያ ኑርዬ ዘንጋቸውን ይዘው ብቅ ሲሉ ዳኛ ናቸውና ሴቶቹ ሊበትኑን ነው ብለው ፈሩ። ሽማግሌው ቆመው አዩአቸው። «ደከመኝ፤ ትንሽ ልረፍ» አሉና ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እናትነሽ!» አለች ዙሌይካ በአጥሩ ውስጥ። «ሕጉን ታውቂያለሽ። ሂዱ፤ ይጽፏችኋል።»

«ለቅሶ አልመጣንም» አለች እናትነሽ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ደጅሽንም አልረገጥን። መንገድ ላይ ነው የተቀመጥነው። መንገድ የመንግሥት ነው።»

ዙሌይካ የአጥሩን በር ከፈተችና ወጣች።

«እንግዲያ ጠጋ በሉልኝ» አለች።

ጠጋ አሉላት። ከመካከላቸው ተቀመጠችና እሪ አለች።